የርቀት ነጋዴ

ሠላሳ አንድ ዓመት ለገሃር ሥር ቆሜ፣
ከጅቡቲ ሞጆ ማኅተም ነው ስሜ።
ዕቃ አልሸጥኩም እኔ፤ የሸጥኩት ርቀት ነው፤
መርከብ ሲዘገይ ነው ኪሴ የሚሞላው።

አባቴም እዚሁ፣ ባቡሩ ሲመጣ፣
ጣውላ ሣጥን አዝሎ በጓሮ ሲወጣ፣
«ከባሕር ነው» ሲለኝ፣ ጭነቱን ዳብሼ፣
ባሕር ሳላይ አደግሁ ከባሕር ጎርሼ።

ጥቅምት ላይ አንድ ፋይል መጣ ከሆስፒታል፦
የፓምፕ ማርሽ፣ አንዲት፣ ጥፍሬን የምታክል፤
ክብደቷ አራት ግራም።
ጥርሷ ስለወለቀ ፓምፑ አይዞርም፣
የጨቅላው መድኃኒት ጠብ አይልም።

ለአራት ግራም ላስቲክ
አሥራ ሰባት ፊርማ፣
የባንክ ወረፋ፣ የዶላር ደጅ ጥናት፣
አንድ ሙሉ መርከብ፣ አንድ ሙሉ በረሃ፣
ሞጆ ከደረሰም ሌላ ፈታሽ፣ ሌላ ቀጠሮ።

ሲፈን በየሰኞው ትመጣለች፤
የሆስፒታሉ ጥገና ሠራተኛ፣ ቱታዋ ላይ የግራሶ እድፍ።
«እየመጣ ነው» እላታለሁ።
ውሸት አልነበረም፤
የዓለም ዕቃ ሁሉ ወይ ደርሷል፣ ወይ እየመጣ ነው።
እሷ ግን ትቆማለች፣
የወለቀ ጥርሱን ጣራ ላይ ወርውሮ
ሽቅብ አንጋጦ እንደሚጠብቅ ልጅ።

ሚያዝያ ላይ መጣች። ሰኞ አልነበረም።
ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ነገር አስቀመጠች፤ እሷ አልተቀመጠችም፤
አረንጓዴ ማርሽ፣ ጥርሶቿ ሙሉ።
«ፋይሉን ይዝጉልኝ።»
«በማን በኩል ገባ?» አልኩ፣ ነገሩ የገባኝ መስሎኝ።
«አልገባም» አለች። «እዚሁ ነው የተወለደው።»

ስታዲየም ሥር ወረድን፣ በአንድ ጠባብ በር፤
ቀፎ የምታህል ማሽን ትደርባለች ክር ላይ ክር፤
ሸማኔ ናት፣ መወርወሪያ የሌላት፣
ጥለት የማታውቅ፣ ጥርስ ብቻ የሚወጣላት።
ጥግ ላይ ሸምሱ ተቀምጦ ክዳን ከጠርሙስ ይለያል፤
ያ ሸምሱ፣ «ቆራሌው!» ብሎ ሲያልፍ በሬን የምዘጋበት።
የቀበናን ወንዝ ሊያንቅ ይወርድ የነበረ ጠርሙስ
ተፈጭቶ፣ ቀልጦ፣ ክር ሆኖ
መድኃኒት ይገፋል ወደ ጨቅላ ደም ሥር።

ለአፍታ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው።
ከዚያ ሒሳብ ሠራሁ፣ የልማድ ነገር፦
መርከብ የለም በቃ፣ መጋዘን የለም፣
ኮሚሽን የለም፤
እኔም የለሁም።

ግን ከበሩ ጀርባ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ
የተጣመሙ፣ የጎበጡ፣ ጥርሳቸው የፈሰሰ።
«አርባ ሦስቱ ከሽፈዋል» አለች፣ ሳታፍር፤
«እርስዎ ያዩዋት አርባ አራተኛዋ ናት።
መልሰን እንፈጫቸዋለን።
ሁለት ጊዜ እሺ ይላል፤ በሦስተኛው ይሰባበራል።»
ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«የማሽኗ አፍንጫ ሊዘጋ ደርሷል። ነሐስ ነው፤
እዚህ የሚቀርጸው አላገኘንም ገና።
ያስመጡልናል?»

ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነሐስ።
አንድ ሙሉ መርከብ፣ አንድ ሙሉ በረሃ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ።
ማሽኗ ባለችበት ቀረች፤
ግማሽ ማርሽ፣ ስድስት ጥርስ።
ከላይ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላሉ፤
ሸምሱ ስልኩን አበራ።

«መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩ፤
የቱን እንደጠየቅሁ ራሴም ሳላውቅ፣
መብራቱን ይሁን፣ አፍንጫውን፣
ወይስ የኔን ተራ።

ሲፈን ሳቀች።
ድምፄን አስመስላ፣ እጇን እንደኔ ፋይል ላይ እንደሚጭን ሰው አድርጋ፦
«እየመጣ ነው።»