ማጣሪያ

ጁበይል ሲነጋ ቀድማ አትወጣም ፀሐይ፤
ሌሊቱን ያልተኛ፣ ከማጣሪያው ማማ ላይ
የጋዝ ነበልባል አለ፣ ብርቱካን ቀለም፣
ቀን የማይሰወር፣ ሌት የማያልም።

የኔ ሥራ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ ነው፤
ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ከሆስፒታሉ ጣሪያ
የማቀዝቀዣውን ወንፊት ነው የማወርደው።
ሳወርደው ግራጫ፣ ስዳስሰው ልስልስ፣
እንደ ድመት ጀርባ፣ እንደ አሮጌ ልብስ፤
ውሃ የነካው እንደሁ ጥቁር ያለቅሳል፣
የባልዲው አፍ ዙሪያ ጥላሸት ይለብሳል።
አጥቤ አሰጣዋለሁ።
የሰውን ሳንባ ግን ማን አጥቦ ያሰጣል?

እንድሪስን ያየሁት በአንዱ ሐሙስ ነው።
«ነይ አስተርጉሚልኝ» አለችኝ ቢንዱ፣ የልብ ማሽን ባለሙያዋ።
የኬረላ ልጅ ናት። አረብኛዋ ስባሪ፣ የኔም ስባሪ፤
ሁለት ስባሪ ተገጥሞ እንስራ አይወጣውም፣
ጥርኝ ውሃ ግን ይይዛል።

የሐርቡ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
የከባድ መኪኖች በር ሲጠብቅ የኖረ፤
የዘብ ቤቷ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ የማይገጥም፣
ቦቴው ተራ ይዞ ሞተሩን ሳያጠፋ
ናፍጣውን አፍንጫዋ ላይ የሚተፋ።
ዘጠኝ ዓመት፣
ልቡን ልብ ያለለት አልነበረም።

ሸሚዙን ገልጦ በግራ ጎኑ ተኛ።
ልቡ ታየ ከመስታወቱ ላይ፣ በጭጋግ ውስጥ፤
ከውሃ እንደወጣ ዓሣ
አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።
«ከመቶ ሠላሳ ሁለት» አለች ቢንዱ።
ከመቶው ደም ሠላሳ ሁለቱን ብቻ ነው የሚገፋው።
«ፈተና ቢሆን ወድቄያለሁ በይኛ!»
ሊስቅ ነበር፤ ሳሉ ቀደመው።

እሷ ታወራለች፣ እኔ ቃል አድናለሁ፦
ከፀጉር ሠላሳ እጅ የቀጠነ ብናኝ
አፍንጫ አያስቀረው፣ ጉሮሮ አይዘው፣
ሳል አይመልሰው፣ አክታ አይጎትተው፤
ሳንባን ተሻግሮ ከደም ይሳፈራል፣
ያለ ኢቃማ ገብቶ ልብ ውስጥ ይኖራል።
እዚያ፣ በየሴሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ...
«ሚቶኮንድሪያ» አለች።
ይህን ቃል በምን ላሻግረው?
«ወፍጮዎች ናቸው» አልኩት፣ «ከዓይን የተሰወሩ፣
የበላኸውን እህል በሳብከው ትንፋሽ
ፈጭተው ጉልበት የሚያደርጉ፣ ሌት ተቀን የሚዞሩ።
ብናኙ እነሱ ላይ ነው የወደቀው።»

ይሄኔ በክርኑ ቀና አለ።
«የወፍጮ ቤት ልጅ ነኝ እኮ!
ሳይበጠር እህል አሸዋ ከገባ
ድንጋዩ ይላጋል፣ ቀበቶው ይግላል፤
ጩኸቱ ግን ያው ነው፣ ዱቄቱ ነው የሚያንስ።
ሰው ድምፁን ሰምቶ ደህና ነው ይላል።»
ለቢንዱ አላስተረጎምኩላትም።
ጄሉን ከደረቱ በወረቀት ጠረገችለት፣
ክኒን ተጻፈለት፣
ማታውኑ ወደ ቦቴዎቹ ተመለሰ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከወንበሩ ሳይወድቅ፣
የበሩን ቁልፍ ጨብጦ አገኙት።
ወረቀቱን እንዳነብ ተጠራሁ፤
«ምክንያት፦ ተፈጥሯዊ»፤
የቀረው ማኅተም ነው።
ኢና ሊላሂ አልኩ በሆዴ።
ተፈጥሮስ ይህን ሁሉ ጥቁር ከየት አባቷ ታመጣለች?
ጉዳዩ ይጣራ ብል፣ ለማን ነው የምለው?
በዚህ አገር ሲጣራ ያየሁት ነዳጁን ብቻ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ወንፊቱን አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ አሰጣሁ።
«ሦስተኛ ፎቅ ቀርቶሻል» አለችኝ ቢንዱ ስታልፍ፣ ዓይኔን ሳታይ።
አፍንጫዬን ጠረግሁ፤
መሐረቤን ዘርግቼ አላየሁትም፣
አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።
ከጣሪያው ማዶ፣ ከማማው ሥር፣
ያ ማጣሪያ እያጉረመረመ ይጣራል፤
ዘይት ይሁን፣ ስም ይሁን፣
ከዚህ ሆኜ አይለየኝም።