ጠብታ ቆጠራ

«ሲስተር!» ብሎ ሲጠራኝ ሰው፣ ዞር እላለሁ ወደ ኋላ፣
ያቺ የተጠራች ሲስተር ትኖር እንደሁ ሌላ።
አራት ወሬ ነው። ጋዋኑ ሰፍቶኛል፤
ስሙማ ይብሳል፣ እያደናቀፈ ይጥለኛል።

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ቁልቁል፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ጤፍ የነበረ መሬት ላይ ብሎኬት የሚደረደርበት፣
ጅብ ከባጃጅ እኩል መንገድ የሚሻማበት፣
እዚያ ነው ሆስፒታላችን።

ማታ መብራት ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ያስላል፣
ከበሽተኞቹ አንዱ መስሎ፣ ጥቂት አቃስቶ ያርፋል።
ሞባይሌን በጥርሴ ነክሼ በብርሃኗ ክንድ እዳስሳለሁ፤
«ደም ሥር ሆይ፣ ባክህ ውጣልኝ» እላለሁ።
ኮሌጅ የወጋነው ክንድ ፕላስቲክ ነበረ፣
አይደማ፣ አይቆጣ፣ ወንድሙ በር ላይ አልፎከረ።

ሠላሳ አራት አልጋ፣ ሁለት ነርስ፤ አንዷ እኔ።
ሌላዋ ሲስተር ለሊሴ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራች፣
ጫማዋ ድምፅ የለውም፤ ጨለማውን የለመደች።

«ጓንት አልቋል» ያልኩት ሰውዬ፣ ጓንቱን የበላሁት ይመስል
ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ሰክቶ በናቱ ስም ሲምል፣
ማትሮኗ በማግሥቱ ጠራችኝ፦
«ፈገግታ ይጎድልሻል» አለችኝ።

ባለፈው ረቡዕ አራት ቁጥር አረፈ፤ ገና ሃያ ዓመቱ።
ዓይኑን ከደንኩለት። እጄን ታጠብኩ። ሰባት ቁጥር ጠራች ወዲያው በሰዓቱ።
የማልቀሻ ሰዓት የተራ ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም፤
ልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ሞከርኩ፤
በሩ መቀርቀሪያ የለውም።

እናቴ ከወሊሶ ትደውላለች፣ «ሐኪሟ ልጄ» እያለች፤
የጎረቤት ወገብ፣ የአክስቴን ስኳር ትዘረዝርልኛለች።
«ምነው ድምፅሽ?»
«ኔትወርኩ ነው፣ እማዬ።»

አንድ ሊትር፣ ስምንት ሰዓት፦ በደቂቃ አርባ ሁለት ጠብታ።
ሰዓቴን ከፍ አድርጌ ስቆጥር አደርኩ፣ ሳልቀመጥ ላንዳፍታ።

ዛሬ ጠዋት፣ ርክክቡ አልቆ፣ ባጃጅ ላይ ሦስተኛ ሆኜ፣
ሳልከፍተው ያደረውን ምሳ ዕቃ ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣
አደባባዩ ጋ ስንደርስ፦ አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ!
የአሥራ ሁለት ሰዓቱን መርፌ ሰጠሁ፣ ወይስ ሳልሰጥ ነጋ?

ሰጥቻለሁ። አልሰጠሁም።
ብልቃጡ ይታየኛል፤ እጄ ግን አይታየኝም።
«ወራጅ አለ!»

መልሴን ሳልቀበል ወረድኩ። በሲኖትራኩ አቧራ መሃል
ቁልቁል ሮጥኩ፤ ልቤ ቀድሞኝ ዋርዱ ደርሷል።

እማማ ድንቄ ተኝተዋል። ትንፋሻቸው ወጣ፣ ገባ፤
የልጃቸው ቀይ ነጠላ ጫማ አልጋው ሥር እንደ አበባ።
ካርዱን ገለጥኩ። አሥራ ሁለት ከአምስት። ተሰጥቷል።
ፊርማም አለ። የማን ነው ይሄ? ጅራቱ ተጠማዟል፣
መስመሩን ስቶ ከሰንጠረዡ ወጥቷል።
የኔው ነው። የገዛ እጄ ነው፣
እኔ በሌለሁበት ሌሊት ብቻውን ሲሠራ ያደረው።

ለሊሴ ጋዋኗን እየጠቀለለች ከበሩ ጥግ አየችኝ፤
አልሳቀችም። አልመከረችም። «ቁርስ በላሽ?» አለችኝ።
ዳቦዋን ከሁለት ቆርሳ፣ ትልቁን ለኔ።
ከዚያ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፦
«እኔ ከአቃቂ ድልድይ ነበር የምመለሰው። በእግሬ።»
ሌላ አልጨመረችም።

ቤት ገባሁ፤ አራተኛ ፎቅ። ማክሰኞ ነው፤ ውኃ መጥቷል።
የወጥ ቤቱ ቧንቧ ላልቶ ባልዲው ላይ ይንጠባጠባል።
ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሳላስበው ሰዓቴን አነሳሁ፦ በደቂቃ አሥራ ዘጠኝ።
ፈጠነ? ዘገየ? ልዝጋው ብል ጉልበቴ አልታዘዘኝ።

ይንጠብ፣
የሱን ካርድ እኔ አልያዝኩም።