የጨው ውለታ

እሳቱ በጠፋ በሦስተኛው ጠዋት፣
ሜትርና መዶሻ፣ ባትሪና ወረቀት
ይዤ ጃንዳያ ገባሁ፣ ባለ ሃያ ሦስት ፎቁ፣
ሬሲፌ ባሕር ዳር እርቃኑን የቀረው፣ ተገፎ ካባው ከነወርቁ።

አምና ነው የለበሰው። ሻጩ ኤቫንድሮ
በሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ዙሪያውን አጥሮ
"አረጀ" ያሉትን ግንብ ሙሽራ አደረገው፤
በየወሩ እየከፈለ ሰፈሩም ወደደው።

የተገለበጠ ቅኔ ነው ያ ሰሌዳ፦
ወርቁ ላይ ላዩን፣ ሰሙ ከጓዳ።
አሉሚኒየሙ ስስ፣ እንደ ጥፍር ቀለም፤
መሐሉ ፕላስቲክ ነው፤ ለነበልባል ከዚህ የሚጥም የለም።
ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ማራገቢያ እሳት ጫረ፤
በአሥራ አንድ ደቂቃ ጣሪያውን ተሻገረ።
ሰሙ እየነደደ መንገድ ላይ ዘነበ፤
የታክሲ ጣሪያ በሳ፣ የማንጎውን ዛፍ ለበለበ።

ግን ሕንጻው አልወደቀም።
ደረጃው አልተሰነጠቀም።
ልብስ ሰፊዋ ዞራይዴ ከአሥራ ዘጠነኛ ወርዳ፣
ድመቷን በትራስ ልብስ ከትታ፣ በባዶ እግሯ ተራምዳ፣
"ግድግዳው ይሞቅ ነበር" አለችኝ፣ "እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር፤
ግን እጄን ይዞ አወረደኝ።" ሌላ ያለችው አልነበር።

አራት ሰዎች አልወረዱም።
የአሥራ አራተኛው ኮሪደር በር፣ ብረቱም፣ ጀሶውም፣ ማጠፊያውም
ደህና ነበር። ዘጠና ደቂቃ ይችላል፤ ፋብሪካው አልዋሸም።
ሙቀቱ ቢያስቸግረው፣ ነፋስ ይለፍ ብሎ አንድ ሰው
በአበባ ማሰሮ ደግፎ ከፍቶ ተወው።
ጭሱ ከእሳቱ ቀድሞ ገባ።
ማሰሮውን አየሁት። አልተሰበረም፤ አፈሩ ጠቁሯል።
ስም አልጻፍኩም። በሬሲፌ ሙቀት ማን በማን ይፈርዳል?

ከዚያ ምሰሶውን በመዶሻ መታሁ፣ ብረቱ ድረስ ለካሁ፦
አምስት ሳንቲሜትር ሲሚንቶ። አላመንኩም፤ ደግሜ ለካሁ።
ፕላኑ ሁለት ተኩል ይላል።
እጥፍ ያለበሰው ማን ነው? ብዬ ሰው ጠየቅሁ፤ "በሕይወት አለ" ተባልኩ፤ "እዚያ ማዶ ይኖራል።"

አናክሌቶ ይባላል፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤
በጎረምሳነቱ ነው ይህን ምሰሶ ያፈሰሰው።
"ለእሳት አስበህ ነው?" አልኩት። ሳቀ፤ ጥርስ የለውም።
"እሳት? እሳት በሐሳቤም አልመጣም።
አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የጀልባው ሚስማር
በጨው ተበልቶ ነው የሰመጠው፤ እዚያ፣ ከአለቱ ዳር።
የባሕር አየር ብረት ይበላል። እና ደህና አድርጌ አለበስኩት፤
ፎርማኑ ዶሪቫል 'የሲሚንቶ ሌባ!' ብሎ የሦስት ቀን ደሞዜን ቆረጠ፤ ቻልኩት።"

ቅጼ ላይ ጠባብ ረድፍ አለ፦ ሕንጻው የቆመበት ምክንያት።
"ጨው" ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።
"የሽፋን ውፍረት፣ አምስት ሳንቲሜትር" አልኩ፤ እሱም እውነት ነው።
ሽማግሌው ግን ምሰሶውን በመዳፉ ዳብሶ፣
ጥላሸት የነካ ጣቱን ልሶ፣
"አሁንም ጨው ጨው ይላል" አለ።