ሁለት ሚሊ

ላዳዬ ከኔ እኩል ጸጉሯ ሸብቷል፣
ፓራፋንጎዋን ዝገት በጎን በልቶታል።
ከሆጤ ወደ አራዳ፣ ከአራዳ ቧንቧ ውሃ
ሠላሳ ዓመት ጭናለች ሀብታምና ድሃ።
ዘንድሮ ግን እንጃ፣ ምን እንደነካኝ፣
አዲስ ቸርኬ ግዛ፣ ግዛላት አሰኘኝ፤
ያን የሚያብረቀርቅ፣ ኮከብ የመሰለ፣
የጎረቤቴ ልጅ መኪና ላይ ያለ።

ማርሹን ሁለት አርጌ ሐረጎን ወረድኩ፣
ሹራቤን አውልቄ ኮምቦልቻ ደረስኩ።

የመጀመሪያው ሱቅ ደጃፉ ላይ ደርድሮ፣
አሉሚኒየሙን ወልውሎ አሳምሮ፣
"አራት ቀዳዳ ነው፣ ያንተም አራት፣ በቃ!
ምን ታስለካኛለህ ይህን የመሰለ ዕቃ!"

ገንዘብ ልቆጥር ስል፣ ከመንገዱ ማዶ
በጣቱ ሲያሽከረክር የአይሱዙ ዳዶ
ጎሚስታው አረቡ "ቆይ" አለ።
መጣና ካሊፐር ዘረጋ፣
ቀዳዳን ከአንጻሩ ለካ ረጋ ረጋ።
"የሱ መቶ ሚሊ። ያንተ ዘጠና ስምንት።"
ሳቅሁ። "ሁለት ሚሊ? የጥፍር ቁራጭ ናት!"

እሱ ግን አልሳቀም።

"መግባቱንማ ይገባል፣ አንዱ ቡሎን ቀንቶ፤
ሦስቱ ግን ይቆማል ሰያፍ ተጎትቶ።
ደሴ አራዳ ውስጥማ ማን ያውቅብሃል፣
ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ግን መሪው ይነግርሃል፤
መጀመሪያ መንዘር፣ ቀጥሎ መላላት፣
ከዚያ ጎማህ ቀድሞህ ቦርከና ሲገባ ማየት።"

"ያኛውስ፣ ሰፊው?" ስል፣ "እሱ ለጎረምሳ፤
በዞርክ ቁጥር ፓራፋንጎ ይበላል እንደ ምሳ።
ላዳን ጣሊያን ወልዶ ሩሲያ አሳደጋት፤
የድሮ ፊያት ጫማ ነው ልክክ የሚልላት።"

ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ፣ ከእትዬ ዘይነባ ግቢ፣
ሞተር አልባ ፊያት፣ የዶሮ ሰብሳቢ፣
ባለቤቷ ሲሞት ቆማ ሣር የበቀለባት፤
የሹፌሯ ወንበር ላይ እንቁላል አየሁባት።
ቸርኬው ጭቃ ለብሷል። በጨርቅ ፈተግነው፣
ከጭቃው ሥር ነጭ ሆኖ ፈገግ ሲል አየነው።
አረቡ ለካና አንገቱን ነቀነቀ፤
ዘጠና ስምንት።

እትዬ ዘይነባ ዋጋ አልተከራከረች፤
አራቱን ሸጠችና አምስተኛውን ያዘች፦
"ይሄኛውስ ይቅር፣ ባልዲ አስቀምጥበታለሁ።"
ባልዲ ግን ግቢው ውስጥ አንድም አላየሁ።

አረቡ በክሪክ አንድ ጎኗን አነሳ፣
ጠረገላት በብሩሽ የሞዞዋን አበሳ።
ቁልፍ አልፈለገም፤ በጣቱ ብቻ ቢያዞር
ቡሎኑ ገባላት ያለ አንዳች ግርግር።

ማታ ሐረጎን ስወጣ፣ ጭጋጉ ሲወርድ፣
መሪው ዝም ብሎኛል፤ አይነዝር፣ አይርድ።
ከኋላዬ ብቻ፣ የድሮ ብረቱ ስኮርት ጎማው
እንደ ባዶ ባልዲ ኳ ይላል በየኩርባው።