አስራ ሦስተኛው

አባባሎቻችን ለዓሣ አይራሩም፤
ግማቱን ነው እንጂ ጠባዩን አይነግሩም።
“ዓሣ ግማቱ ካናቱ” ሲሉን ሰማን፤
“ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” ሲሉን አመንን።
ብቻውን ሲቀር ግን ቀለሙ እንደሚጠፋ፣
ጥፍር የሚያህል ፍጥረት ሆዱ እንደሚከፋ፣
የነገረኝ የለም።

እኔ የሰማሁት ከኤንሪኮ ነበር፣
ላይፕዚግ፣ ፕላግቪትስ፣ ከቦዩ ዳር ሰፈር፤
ሱቁ እንደ ጓዳ ጠባብ፣ ግድግዳው የሚያልበው፣
ገና ስገባበት መነጽሬን ጉም የሚያለብሰው።
“ስድስት ኒዮን ስጠኝ” አልኩት። ሳቀብኝ።
“ሲያንስ ይፈራል፤ ሲፈራ ይሸሸጋል፤
ተሸሽጎ የጠገበ የለም፣ በርሃብ ያልቃል።
ደርዘን ውሰጂ” አለኝ፤ “መጀመሪያ ግን ውሃውን።”

ስድስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ውሃ ጠበቅሁ፤
ምንም ለማይዋኝበት መብራት አበራሁ፣ ሙቀት ለካሁ።
ውሃም እንደ ጠጅ ሳይበስል አይቀርብም፤
ጠጁ እንኳ ያሰክራል፣ ይሄ ምንም አይልም።
የከተማው ቧንቧ ኖራ ነው የሚተፋው፣
የማንቆርቆሪያዬን ሆድ በነጭ የሚለስነው፤
ስለዚህ ከሰገነት ዝናብ በባልዲ አጠራቀምኩ፣
ከቦዩ ዳር የኦክ ቅጠል ለቅሜ ዘፈዘፍኩ፣
ሻይ እስኪመስል።

በኅዳር አስራ ሁለቱን ከኮቴ ሥር ለጥፌ፣
ሙቀቴን እያጋራሁ በትራም አሳልፌ፣
አንዲት ሴትዮ “ምን ይዘሽ ነው?” አለችኝ።
“ዓሣ።”
ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

በሩ ሲዘጋ፣ ማንኪያ ሲወድቅ ይዞራሉ፤
አንዱ ይደነግጣል፣ አስራ ሁለት ይሆናሉ።
መሪ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ልቆጥር ሞከርኩ፤
አስራ አንድ አልኩ፣ አስራ አራት አልኩ፣ ተውኩ።

በጥር፣ ገና ባስር ሰዓት ተኩል ጨልሞ፣
ሄር ቮልፍራም ከላይ ፎቅ መጣ፣ በሬ ላይ ቆሞ፤
የማርማላታ ጠርሙስ በሁለት እጁ ይዞ፣
ደረጃውን ሁሉ በካልሲ ተጉዞ።
ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ዓሣ፣ አመድ የመሰለ፣
ታጥቦ እንዳለቀ ጨርቅ መስመሩ የሌለ።
“የጊዘላ ናቸው” አለ፣ “ሃያ ነበሩ።
እሷ ካረፈች ወዲህ አንድ ባንድ አነሱ፤
ይሄ ቀረ። መብል ትቷል። ብቻውን ነው እሱ።”

ጠርሙሱን ከገንዳው አፋፍ አሰርኩለት፤
በቀጭን ቱቦ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ውሃዬን ከውሃው አለማመድኩለት።
ሰዓት ፈጀ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።
“ማታ ማታ ትቆጥራቸው ነበር” አለ፤
“አስራ ዘጠኝ ስትል አንዱ ይዞርባታል፣
እንደገና ‘አንድ’ ትላለች። ሃያ ደርሳ አታውቅም።”

ለቀቅነው።
ከማሞቂያው ጀርባ ገብቶ ተለጠፈ፤
መንጋው ባጠገቡ ሄደ፣ ዝም ብሎ አለፈ።
ተመለሰ። አለፈ።
በሦስተኛው ዙር፣ እኛ ወደ በሩ ስናይ ይሁን
ወይ ዓይናችንን ስንጠርግ፣ ሥፍራው ባዶ ሆነ።

በነጋታው አስራ ሦስት ሰማያዊ ክር፣
አስራ ሦስት ቀይ ሆድ፣ በቅጠሉ ሥር፤
አመዱ የት ሄደ? እንግዳው የቱ ነው?
ሁሉም ባለቤት ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ማጉሊያ መነጽር ይዞ፤
“የኔ የቱ ነው?” ይላል አንገቱን ሰብቆ።
“ያ፣ ከግንዱ በታች” እለዋለሁ።
በሳምንቱ ደግሞ “ያ፣ ላይ ላይ የሚለው” እለዋለሁ።
በሦስተኛው ሐሙስ ማጉሊያውን አወረደ፤
“የባለፈው ጅራቱ ጫፍ ላይ ሸረፍ ያለ ነበር፤
ይሄ ሙሉ ነው” አለኝ። ፊቴ ተቃጠለ።
መልስ ሳልሰጠው ጣቱን ከመስተዋቱ አስጠግቶ፣
አንዱን፣ የሚያልፈውን፣ ዝም ብሎ ተከተለ።
“ዛሬ እሱ ይሁን” አለ።

ማታ ከሥራ ስመለስ ቀና ብዬ አያለሁ፤
የአራተኛው ፎቅ መስኮት አረንጓዴ ያበራል።
ዓሣ የለበትም። ማሞቂያው ግን ሃያ አምስት ላይ ነው።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።
ትናንት ደረጃው ላይ፣ ቁልፉን እየፈለገ፣
“ያ ሰውዬ” አለኝ፣ “ከቦዩ ዳር ያለው፣
እሁድ ይከፍታል?”