አምስተኛው ምት

ሃያ ሰባት ዓመት፣ ከመሪ ተጣብቄ፣
በጋላፊ በኩል ሐሩሩን ሰንጥቄ
ጭነት ስመላልስ፣
መኪናው ሲታደስ፣
ጎማው ሲለወጥለት፣ ዘይቱ ሲቀየር፣
የኔ ወገብ ብቻ ያለ ሰርቪስ ነበር።

ሐኪሙ ራጁን ለመስኮት አሳየና
«ዲስክ ነው፤ ከእንግዲህ ይንቀሳቀሱ» አለና
አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ልጄ ግን ናቀችው፣
የተሻለ አለ ብላ ስልኬ ላይ ጫነችው፦
የቤት ስፖርት ይሉታል፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣
«ምንጣፍ አንጥፉና ቁጭ ብድግ በሉ።»

ቦኩ ሸነን ሰፈር፣ ከጀርባ ክፍሌ ውስጥ፣
በካናቴራዬ ስነሣ፣ ስቀመጥ፣
ስልኩ ይቆጥራል፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ደግ አሠልጣኝ ናት፤ ሰው አለመሆኗ ግን ያስታውቃል፤
ስወድቅ እንኳ «ግሩም ነው! በርቱ!» ትላለች።

ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሒሳብ አለ።
ሌንሳ፣ የፋርማሲዋ ልጅ፣
ከሌሊት ተራ ስትገባ አትተኛም፣ ላፕቶፗን ትከፍታለች።
መጀመሪያ ቤዙ ይመጣል፣ እንደ ተሳቢ መኪና ከሩቅ፤
በሆዴ ነው የምሰማው።
ከዚያ ክራር፣ ኤሌክትሪክ የነካው፣ ጅራቱ የረዘመ ክራር።
ከዚያ ጥሩምባ የሚመስል ነገር አንቺ ሆዬን ይጀምርና
መሀል መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል።
«ጃዝ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ቧንቧው ጋ።
«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላት ሳቀች።

በጣቴ ቆጠርኩት። የሷ አምስት ነው።
አራቱ ላይ እኔ ተቀምጫለሁ፤
አምስተኛው ላይ ማን ይቀመጥ?
እዚያች ትርፍ ምት ላይ ጉልበቴ ይደናበራል፣
ቁልቁለት ላይ አልገባም እንዳለ ማርሽ።

ሐሙስ ዕለት መብራት ሄደ።
ስፒከሯ ዝም።
ስልኬም ሌሊቱን ሳይሞላ አድሮ ኖሮ
«አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሞተ።
አንድ ባጃጅ አለፈ፣ ከዚያ ምንም።
እኔ ግማሽ ቁጭ፣ ግማሽ ብድግ ላይ ነበርኩ፤
ማን ይቁጠርልኝ?

ተነሣሁ። እግሬ ሲሚንቶውን መታ።
ደገምኩ። አራት ላይ አየር አጠረኝና
ቆሜ ሳብኩ።
ለካ ያቺ ቦታ የትንፋሽ ናት።

ግድግዳው ተንኳኳ።
ረበሽኳት ብዬ ደረቴን ይዤ ቀረሁ።
«ጋሽ ሽብሩ» አለች በብሎኬቱ ውስጥ፣
«እባክዎ አያቁሙ። ባትሪዬ አሥራ ሁለት ደቂቃ አለው፤
እየቀዳሁ ነው።»

ሰው ከኔ የሚፈልገው ጭነቴን ነበር፤
ኮቴዬን የፈለገ አላውቅም።
ወገቤን በሁለት እጄ ደገፍኩና ወረድኩ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
እፎይ።