ሚዛን ጣቢያ፣ ኮምቦልቻ

አስፋልቱ የሱ ነው፤ አልክድም፣ አልዋሽም፤
ደሴ ደርሶ መምጣት ዛሬ ቀን አይፈጅም።
ክሊኒኩም የሱ፤ ዘምዘም ምጥ ጠንቶባት
መንታዋን ወለደች እዚያ ደርሰውላት።
ፊደል የቆጠሩት እሱ ባሠራው ቤት፣
ይማም እና አወል፣ አንድ ደብተር ለሁለት።

እኔ መዛኝ ሰው ነኝ፤ ኩንታል ነው ስሌቴ፤
ትርፍ ጭኖ ቢመጣ ይቀጣል አጎቴ።
ያን ሌሊት ግን መጣ፣ ሸራ የለበሰ፣
ሃያ ካሚዮን ልጅ፣ አስፋልቱን ያረሰ።
ይማም አለ ውስጡ። አወልም አለበት።
እጄን ዘረጋሁኝ፤ ፍሬን የያዘ የለም፤
«የጦር ነው» አለ አንዱ፤ «የጦር አይመዘንም።»

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወረደ፤ ሰው ይጠይቀኛል፦
«አንተ መዛኝ አይደለህ? የቱ ያመዝናል?»

እኔ እንጃ። መርፌው ዜሮ ላይ ቆሟል፣ ቀጥ።
ዘምዘም በዳር ታልፋለች፣ አስፋልቱን ሳትረግጥ።